ያኮብ ግሪም ዓለም ከተማ መጥቶ ነበር

«ተረት የሥራ ፈት ሥራ ነው» ላልከኝ ወዳጄ። ልጅህ ሲያተኩሰው ሌሊት አቅፈህ የሮጥከው ወደ እናት ሆስፒታል ነው። እናት ሆስፒታልን እዚህ ዓለም ከተማ ላይ ያቆመው «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው ድርጅት ነው። «ሰዎች ለሰዎች»ን የመሠረቱት ካርልሄንዝ ቦም ናቸው። ካርልሄንዝ ቦም ኢትዮጵያን ከማወቃቸው በፊት የፊልም ተዋናይ ነበሩ፤ ሆነው ከተጫወቷቸው ሰዎች አንዱ ያኮብ ግሪም ነው። ያኮብ ግሪም ከወንድሙ ከዊልሄልም ጋር የጀርመንን ተረት ከሰው አፍ ሰብስቦ የጻፈ ሊቅ ነው። እንግዲህ ከተረት ተነሥቶ እስከ ልጅህ አልጋ ድረስ የሚያደርስ መንገድ አለ። ሥራ የፈታው የትኛው ነው?

«ይህን ከየት አመጣኸው?» ላልሽኝ እህቴ። ከፊልሙ። በ1962 የወጣ፣ የወንድማማቾቹን የግሪሞችን ሕይወትና ተረቶቻቸውን የሚያሳይ ትልቅ የአሜሪካ ፊልም ነው። (የፈረንጆቹን ነገር ስጽፍ ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የኛን ስጽፍ ዓ.ም. እላለሁ።) ሎረንስ ሃርቬይ ታናሹን፣ ሕልመኛውን ዊልሄልምን ሆነ፤ ካርል ታላቅየውን፣ ቁም ነገረኛውን፣ መጽሐፍ ላይ ያቀረቀረውን ያኮብን ሆኑ። በፊልሙ ውስጥ ዊልሄልም በትኩሳት ተይዞ ሊሞት ሲቃረብ፣ ገና ያልጻፋቸው ተረቶች ውስጥ የሚኖሩት ፍጥረቶች አልጋው ድረስ መጥተው እንዳይሞት ይለምኑታል። እርሱ ከሞተ እነርሱ ሳይወለዱ ይቀራሉና።

ይህን ትዕይንት ሳስብ በዓይኔ የሚመጣው የኛው መርሐቤቴ ነው። ጀማ ወንዝ ቁልቁለት ላይ ካሉት ጎጆዎች በአንዱ እማማ እገሊት ሲታመሙ፣ እርሳቸው ብቻ የሚያውቋት ጦጣ፣ እርሳቸው ብቻ የሚያታልሉት ጅብ፣ እርሳቸው ብቻ ያሳደጓት የሙት ልጅ መደቡ ሥር ተሰብስበው ይለምናሉ። ሰሚ ግን የለም። ጎረቤት ለቅሶ ይደርሳል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ጦጣዋም አብራ ትቀበራለች። ካርል ያኮብ ግሪምን ከሆኑ ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1992፣ ድርጅታቸው መርሐቤቴ ገባ። ሆስፒታሉን አየነው። ያኮብ ግሪም የሠራውን ሥራ ግን ማንም ሊሠራልን አልመጣም፤ የባለቤቱ ሥራ ነውና።

«ተዋናይማ የሰው ልብስ ለብሶ የሰው ቃል ይናገራል፤ ራሱ ምን አደረገ?» ላሉኝ ጋሼ። ራሳቸው ያደረጉትን ልንገርዎት። እኒህ ሰው በወጣትነታቸው በሦስቱ የ«ሲሲ» ፊልሞች የኦስትሪያን ንጉሠ ነገሥት ሆነው ተጫውተው አውሮፓ ሁሉ ያወቃቸው ነበሩ። ሜይ 16 ቀን 1981 ሕዝብ በሚወደው የጀርመን ቴሌቪዥን የውርርድ ዝግጅት ላይ ቀረቡና ተወራረዱ፤ ከተመልካቹ ከሦስት አንዱ እንኳ በሳህል ምድር ለተራበው ሰው አንዲት ማርክ አይሰጥም አሉ። ውርርዱን አሸነፉ። ከሦስት አንዱ አልሰጠም። የሰጡት ሰዎች ገንዘብ ሲደመር ግን ወደ 1.2 ሚሊዮን ማርክ ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን ገንዘቡን ለአንዱ አስረክቦ ወደ ካሜራው ይመለስ ነበር። እርሳቸው በዚያው ዓመት በኦክቶበር ኢትዮጵያ ገቡ፤ ኖቬምበር 13 ቀን ድርጅቱን መሠረቱ፤ ሥራውን በሐረርጌ ከኤረር ሸለቆ ጀመሩ። በ1991 ወይዘሮ አልማዝ ተሾመን አገቡ፤ በ2003 የኢትዮጵያን የክብር ዜግነት ተቀበሉ፤ ሜይ 29 ቀን 2014 እስኪያርፉ ድረስም የኛን ነገር አልተዉም። ጋሼ፣ የሰውን ልብስ መልበስ የለመደ ሰው የሰውን ረሃብ መልበስ አልከበደውም። ተረትም ልጅን የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ በሌላ ሰው ቦታ ለአንድ ሌሊት መቆምን።

ለአንድ ሌሊት መቆም ካልኩ አይቀር፣ ውርርድም ከተነሣ አይቀር፣ አርሃን ላስታውስዎት። አርሃ ሃብቶም ሃሰይ የሚባል ባለጠጋ አሽከር ነበር። ባለጠጋው ተወራረደው፤ ያለ ልብስ፣ ያለ ብርድ ልብስ፣ ያለ እሳት ሱሉልታ ተራራ ላይ ቆመህ ካደርክ መሬት፣ ቤትና ከብት እሰጥሃለሁ አለው። አርሃ ጨነቀውና አንድ ሽማግሌ አማከረ። ሽማግሌው ማዶ ካለው ኮረብታ ላይ እሳት አንድዶ አደረለት፤ አርሃም ሌሊቱን ሙሉ ያንን እሳት እያየ፣ ወዳጁንም እያሰበ ብርዱን ቻለው። ሲነጋ ባለጠጋው ከዳ። እሳት ማየት እሳት መሞቅ ነው፤ ውርርዱን ተበልተሃል አለው። ዳኛውም ለባለጠጋው ፈረደ።

ያን ጊዜ ኃይሉ የተባለ ሰው ድግስ ደግሶ ባለጠጋውንም ዳኛውንም ጠራ። እንግዶቹ ተቀመጡ። የወጡ ሽታ ከማጀት ይመጣል፤ ወጡ አይመጣም። ቆዩ፤ አሁንም ሽታው እንጂ ምግቡ የለም። ትዕግሥታቸው ሲያልቅ ጠየቁ። የሩቅ እሳት ማየት የሚያሞቅ ከሆነ የወጥ ሽታም ያጠግባል ተባሉ። አርሃ መሬቱንና ከብቱን አገኘ። እውነተኛ ተረብ ይህ ነው! ለደካማ የሚፈርድ፣ ለጉልበተኛ መልስ የሚያሳጣ። እኔም በዚህ ዓምድ የማገለግለው ይህንኑ ሙያ ነው።

ሱሉልታን ታውቋታላችሁ። ከአዲስ አበባ ወደኛ የሚመጣው አውቶቡስ በሱሉልታ፣ በጫንጮና በሙከጡሪ አድርጎ ለሚ ይደርስና ጀማን ወርዶ ጀማን ይወጣል። ስንት ጊዜ አልፈንባታል! የአርሃን ተረት በመጽሐፍ አትመው ዓለም እንዲያነበው ያደረጉት ግን ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው የተባሉ ሁለት የባሕር ማዶ ሰዎች ናቸው፤ በ1950፣ በእንግሊዝኛ። የመጽሐፉም ስም ከዚሁ ተረት የተወሰደ ነው፤ በተራራ ላይ ያለው እሳት። ሁለቱን አመሰግናለሁ። እኛ በመስኮት እያየነው ያለፍነውን ተራራ እነርሱ ቆመው አዩት።

«እንግዲያው ፈረንጅ ይጻፈው፤ እነርሱ ጊዜም ገንዘብም አላቸው፤ ግሪሞቹም የጠገቡ ልጆች ናቸው» ያልከው የኮሌጅ ተማሪ፣ አንተን ትንሽ አቆይሃለሁ። ያኮብ የተወለደው በ1785 ሃናው በምትባል ከተማ ነው፤ ዊልሄልም በዓመቱ ተከተለው። አባታቸው የሕግ ሰው ነበር። በ1796 ሞተ። ያኮብ ያን ጊዜ 11 ዓመቱ ነው፤ ከስድስት ልጆች ታላቅየው። ካሰል የምትኖር አክስት ደግፋቸው ተማሩ፤ ማርቡርግ ወርደው ሕግ አጠኑ። ከዚያ የናፖሊዮን ጦር መጣ። በ1808 እናታቸው ሞተች፤ ያኮብ በ23 ዓመቱ የቤት አባወራ ሆነ። የናፖሊዮን ወንድም ካሰል ላይ ነግሦ ነበርና ያኮብ ለእንጀራው ሲል የዚያ የባዕድ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ሆኖ ገባ። ቤተሰቡ በቀን አንዴ ብቻ የሚበላበት ወቅት ነበር። አየህ ጥጋባቸውን? ተረት የሰበሰቡት በዚያ ዘመን ነው። አገራቸው በሰው እጅ፣ ወላጆቻቸው በመቃብር፣ ምሳቸው የለም፤ ማታ ማታ ግን የጎረቤት ሴቶችን ተረት ይጽፋሉ።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ለ1812 ገና ደረሰ። 86 ተረት ይዟል፤ የታተመው 900 ቅጂ ነው። ሁለተኛው ክፍል በ1815 ሲወጣ 70 ተረት ጨመረ። ቀስ እያለ ነው የተሸጠው፤ ለልጅ የማይሆን ነው ብለው የነቀፉትም ነበሩ። በ1825 ሃምሳ ተረት መርጠው ትንሽዬ ርካሽ መጽሐፍ አወጡ፤ ያኔ እናቶች ገዙት። በ1857 ሰባተኛው እትም ሲወጣ ተረቱ ከ200 አልፎ ነበር። ከመጀመሪያው እትም እስከ መጨረሻው 45 ዓመት ነው። አንተ በአንድ ሳምንት ስንት ሰው ወደደልኝ ብለህ ትቆጥራለህ፤ እነርሱ 45 ዓመት አንድ መጽሐፍ አረሙ።

«ከሰው አፍ ሰበሰቡ ነው የምትለው፤ ከማን አፍ? ከምሁር አፍ ነው እንጂ!» ላልከኝ መምህር። ለዚህ መልስ ወይዘሮ ዶሮቴያ ፊማንን አቀርብልሃለሁ። ካሰል አጠገብ ባለ መንደር፣ መንገደኛ በሚያርፍበት ቤት ተወልደው ያደጉ፣ የልብስ ሰፊ ሚስት፣ የልጆች እናት ናቸው። ከጓሯቸው የነቀሉትን አትክልት ተሸክመው ካሰል ገበያ ይሸጣሉ። ሲመለሱ ግሪሞች ቤት ይገባሉ፤ ቡና ይቀርብላቸዋል፣ ገንዘብም ይሰጣቸዋል፤ ተረት ያወራሉ። ወደ 40 የሚጠጉ ተረቶች ከእርሳቸው ተገኝተዋል። ወንድማማቾቹ በመጽሐፉ መቅድም ላይ ስለእርሳቸው ሲመሰክሩ፣ ሴትዮዋ በመጀመሪያ እንደልባቸው አውርተው ሲለመኑ ደግሞ ጸሐፊው እንዲደርስባቸው ቀስ ብለው ይደግሙ እንደነበር፣ ሲደግሙም አንዲት ነገር እንደማይለውጡ፣ ከሳቱ ራሳቸው ወዲያው እንደሚያርሙ ጽፈዋል። ሁለተኛው መጽሐፍ በወጣበት በ1815 ሞቱ። ወንድማማቾቹ አልረሷቸውም፤ ታናሽ ወንድማቸው ሉድቪግ የሳለውን መልካቸውን በ1819 እትም መክፈቻ ላይ አወጡት። ጎመን ሻጯ እዚያ አሉ፣ ሻሻቸውን አስረው፣ እጃቸው እንደሠራ ሰው እጅ።

መምህር፣ አንተ ዘወትር ገበያ ትወጣለህ። ቃሪያና ሽንኩርት ዘርግተው የተቀመጡትን እናቶች ዋጋ ትጠይቃለህ፣ ትከራከራለህ፣ ከፍለህ ትሄዳለህ። ከቆላ ማንጎ ጭነው አቀበቱን የወጡ አሉ፤ ሌሊቱን በመንገድ ያደሩ አሉ። ከእነርሱ መካከል 40 ተረት የሚያውቁ የሉም ብለህ ትምላለህ? እኔ አሉ ብዬ እምላለሁ። በሕይወቴ ከሰማኋቸው የተሻሉ ተረቶች ሁሉ መጻፍ ካልተማረ ሰው አፍ የሰማኋቸው ናቸው። ቢሆንም የመርሐቤቴን ተረት ከመርሐቤቴ እናት አፍ ተቀብሎ፣ ስማቸውን አክብሮ ጽፎ ያሳተመ መጽሐፍ በከተማችን የመጻሕፍት መደብር ተደርድሮ አላየሁም። ይህ ይቆጨኛል። ዶሮቴያ ፊማን ሐውልት ሲቆምላቸው የኛዎቹ ስማቸው እንኳ በወረቀት አልሰፈረም።

«የፈረንጅ ተረት እኮ ልጅ ጫካ ውስጥ የሚጥል ወላጅ ያለበት ጨካኝ ተረት ነው» ያሉኝ እትዬ። ልክ ብለዋል፤ አለበት። ሃንዘልና ግሬቴል የሚባሉ የድሃ እንጨት ቆራጭ ልጆች ናቸው። ቤት ውስጥ የሚቀመስ ሲጠፋ ወላጆቻቸው ጫካ ወስደው ይጥሏቸዋል። በ1812ቱ መጽሐፍ ይህን የምትመክረው የወለደች እናታቸው ናት። ዊልሄልም ይህ ሳይከብደው አልቀረም፤ በ1840ው እትም የእንጀራ እናት አደረጋት። በ1815 የወጣ ሌላ አጭር ተረትም ነበር፣ በረሃብ ዘመን ስለ አንዲት እናትና ሁለት ሴቶች ልጆቿ። ያንን በ1819 ጨርሰው አወጡት።

እኔ ዊልሄልምን አከብረዋለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። እትዬ፣ እርስዎ የ77ቱን ክፉ ቀን ያዩ ነዎት። ሰሜን ሸዋም ከዚያ አላመለጠም። ረሃብ የወለደችን እናት ምን እንደሚያደርጋት ለእርስዎ የሚነግርዎት የለም፤ እርስዎ ነዎት የሚነግሩን። ያች እናት ጨካኝ አልነበረችም፤ እጇ ባዶ ነበር። ዊልሄልም ጥፋቱን ከወላጅ አንሥቶ በእንጀራ እናት ላይ ሲጭነው፣ በኛ አገር ስንቱን የሙት ልጅ ከራሷ ልጆች ጋር በአንድ መሶብ ያሳደገችውን ሴት በደላት። የኛም ተረት እንዲሁ የእንጀራ እናትን ሲያማ ኖሯል። ስለዚህ እትዬ፣ ጨካኝ ነው ብለው አይተዉት። ያዩትን ያውሩ። ስለ ረሃብ የሚያወራ ተረት ከሌለ፣ ጠግቦ ያደገ ልጅ የተራበ ልጅ ሲያይ በሰነፍነት ያማዋል።

«ተረት ውሸት ነው፤ ውሸት ኃጢአት ነው» ላሉኝ የኔታ። እጅ ነሥቼ ልመልስ። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9 ላይ ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ይሄዳሉ። ወይራውን ይለምናሉ፣ በለሱን ይለምናሉ፣ ወይኑን ይለምናሉ፤ ሁሉም እምቢ ይላሉ፤ በመጨረሻ ንግሥናውን የሚቀበለው እሾሁ ነው። ኢዮአታም ይህን የተናገረው ገሪዛን ተራራ ላይ ቆሞ ለሴኬም ሰዎች ነው። ዛፍ አይናገርም፤ ኢዮአታም ግን አልዋሸም።

«ከበደ ሚካኤልም እኮ ከፈረንጅ ነው የቀዱት» ያልከኝ አንተ ደግሞ፣ ተጠጋ። ከበደ ሚካኤል የጎረቤት ልጅ ናቸው፤ በ1909 ዓ.ም. በመንዝና ግሼ፣ ገርም ገብርኤል ተወለዱ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት «ታሪክና ምሳሌ»ን ሲያወጡ ከላፎንቴን ወሰዱ፣ እውነት ነው። ላፎንቴን ከማን ወሰደ? በ1668 የመጀመሪያዎቹን ምሳሌዎች ሲያሳትም ከኤዞፕ መውሰዱን ራሱ ተናግሯል። ኤዞፕ ማን ነው? ሳሞስ በምትባል የግሪክ ደሴት የኖረ ባሪያ ነው ይላል ሄሮዶቱስ። ላፎንቴን ቀጥሎ በ1678 ሌላ መጽሐፍ ሲያወጣ ደግሞ ከሕንዱ ጠቢብ ከፒልፓይ መማሩን አመሰገነ። ግሪሞቹስ? የጀርመን ተረት ብለው ከጻፉት ውስጥ ስንቱ በሃይማኖታቸው ተሰደው ከፈረንሳይ ከመጡ ቤተሰቦች ልጆች የተሰማ ነው፤ ያመሰገንኳቸው ጎመን ሻጭ ወይዘሮ ዶሮቴያም የዚያው የስደተኛ ዘር ናቸው። የቀይ ቆቧ ልጅ ተረትን ግሪሞቹ ከመወለዳቸው በፊት፣ በ1697፣ ፈረንሳዊው ፔሮ አሳትሞት ነበር። ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ሲቀባበል ዝም ብለህ፣ መንዜው ሲቀበል ብቻ «ቀዳ» የምትለው ለምንድነው?

ከበደ ሚካኤል ያደረጉትን አጥተኸዋል። የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ሰው እንዲስቅበት የተጻፈውን ነገር ወስደው የኛ ገበሬ ልጅ በቃሉ የሚወጣው የአማርኛ ግጥም አደረጉት። ቤት አመታታቸው ልጅ ምላስ ላይ አይደናቀፍም። ሐሳቡም ሰው ሳያውቀው ይገባል፤ ስግብግቡ ሲወድቅ፣ ተንኮለኛው በገዛ ወጥመዱ ሲያዝ ልጁ አብሮ ይፈርዳል። አያትህን ሂድና ጠይቅ፤ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ከሆነ ዛሬም ቆሞ ይወጣልሃል። እኒህ ሰው «ሮሜዎና ዡልዬት»ን ተርጉመዋል፣ «ሐኒባል»ን ጽፈዋል፣ «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው አገራቸውን ጠይቀዋል፤ የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትን መርተዋል። ደርግ ሲመጣ ቤታቸውን አጥተው በሆቴል ክፍል ኖሩ። በ1991 ዓ.ም. አረፉ። ከዚህ ሁሉ ሥራቸው ውስጥ ሕዝቡ በልቡ ይዞ የቀረው የእንስሳቱን ምሳሌ ነው። ተረት ቀላል ነገር ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

«ዘመኑ የስልክ ነው፤ ተረት የሚሰማ ልጅ የለም።» አባባ ተስፋዬ ምን ይዘው መጡ? ቴሌቪዥን! ቴሌቪዥን ተረትን ይገድላል ሲባል እርሳቸው መስኮቱ ውስጥ ገብተው «የልጆች ጊዜ» ብለው ከ40 ዓመት በላይ ተረት አወሩ። ስልክህ ድምፅ አይቀዳም?

«ተረት የፈሪ መሸሸጊያ ነው፤ ደፋር ፖለቲካ ይናገራል» ያልከኝ ጎረምሳ ሆይ፣ በ1837 የሃኖቨር ንጉሥ ሕገ መንግሥቱን ሲሽር በጽሑፍ የተቃወሙት የጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሰባት ብቻ ነበሩ። ከሰባቱ ሁለቱ ያኮብና ዊልሄልም ናቸው። ከሥራ ተባረሩ። ያኮብ በሦስት ቀን ውስጥ አገር ለቅቀህ ውጣ ተባለ፤ ወጣ። ተረት ሰብሳቢው ይህ ነው። አንተ ደፋርነትህን እኔ ላይ በሻይ ቤት አሳየኸኝ።

አሁን የሚከብደኝን ክርክር ላምጣ። አንድ የማከብራቸው የትምህርት ሰው «ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ በጀት ይፈልጋል፣ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ጀምሮ ከመተው አለመጀመር ይሻላል» አሉኝ። ንግግራቸው ቅንነት አለው፤ ስንት ነገር ተጀምሮ ሲቀር አይተዋል። እኔ ግን በዚህ አልለቃቸውም። ያኮብና ዊልሄልም ከሥራ ተባርረው በተቀመጡበት ጊዜ፣ በ1838፣ የጀርመንኛን መዝገበ ቃላት ጀመሩ። የመጀመሪያው ጥራዝ የወጣው በ1854 ነው። ዊልሄልም በ1859 ሲሞት የተሰጠውን አራተኛውን ፊደል ጨርሶ ነበር። ያኮብ በ1863 ሲሞት ስድስተኛው ፊደል ላይ ነበር፤ «ፍሬ» የሚለውን ቃል እየጻፈ። ሥራው ግን አልተቀበረም፤ እየተቀባበሉት በ1961 ተፈጸመ፤ ያኮብ ከሞተ ከ98 ዓመት በኋላ። የኛም ሊቃውንት ይህን ያውቁታል። የግዕዙን መዝገበ ቃላት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደከሙበት፤ እርሳቸውም ሳያሳትሙት አረፉና ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ሦስት ሰው፣ አንድ መጽሐፍ። እነዚህ ሰዎች በጀት ቢጠብቁ ኖሮ ዛሬ ምን ገልጠን እናነብ ነበር?

ስለዚህ የማከብርዎ የትምህርት ሰው ሆይ፣ ባለሙያ አልጠብቅም። ዓለም ከተማ ውስጥ መጻፍ የሚችል ልጅ ሞልቷል፤ እያንዳንዱም አያት አለው፤ አያት ያጣም ጎረቤት አያጣም። ከባቫሪያዋ ከፋተርሽቴተን ጋር ከ1994 ጀምሮ እህትማማች ከተሞች ነን። የፋተርሽቴተን ልጆች ግሪሞቹን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡ ናቸው። ስጦታ ሲልኩልን ኖረዋል፤ አንድ ቀን ደግሞ እኛ የምንልክላቸው መጽሐፍ ቢኖርስ? የመርሐቤቴ ጅብ ጀማን ተሻግሮ ሙኒክ አጠገብ ሲያለቅስ ቢሰሙትስ? ይህን ስል የምመኘው ለጎብኚ የሚሸጥ ጌጥ አይደለም። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ የአያቱን ስም በመጽሐፍ ላይ ታትሞ እንዲያይ ነው የምመኘው።

«እሺ፣ ከየት ልጀምር?» ካልክ መልሱ አጭር ነው። በሚቀጥለው ገበያ ሽንኩርት ከሚሸጡት እማማ ጎን ተቀመጥ። ሸጠው እስኪጨርሱ አትቸኩልባቸው። ስማቸውን ጻፍ፣ ቀበሌያቸውን ጻፍ፣ ተረቱን ከማን እንደሰሙት ጻፍ። አንድ ጊዜ እንደልባቸው ያውሩ፤ ቀጥሎ ቀስ ብለው ይድገሙልህ። የቆላውን አነጋገር ወደ መጽሐፍ አማርኛ አትመልስባቸው። ጅቡ የሚሰደበውን ስድብ አትዝለል። የሙት ልጅ የምታሳድገው የእንጀራ እናት ደግ ሆና ከመጣች ደግነቷን ተውላት። ሲስቱ ራሳቸው ያርማሉ፤ አንተ አታርማቸው። የቡናውንም ሒሳብ አንተ ክፈል።